«ስብኮ» እና «ቀጭን ጭቃ»፦ ስለ ፖርሴሊን ሥራ ቃላት ረቂቅ የቀረበ ሂስ

በጀሶ ፎርማ ስለሚሠሩ የፖርሴሊን ዕቃዎች ለውይይት የቀረበው የሙያ ቃላት ረቂቅ ብዙ ድካም የታየበት ነው። አዘጋጆቹ ሊመሰገኑ ይገባል። ሆኖም ዋነኞቹ ሁለት ቃላት ሠራተኛውን የሚያሳስቱ ሆነው ስላገኘናቸው ዝም ብለን ልናልፋቸው አልቻልንም።

የመጀመሪያው «ስብኮ» ነው። በግእዝ ሰበከ ማለት ማዕድንን አቅልጦ በቅርጽ ማፍሰስ ሲሆን፣ ቃሉ ከእሳት ተለይቶ አይታሰብም። እዚህ ግን የሚቀልጥ ነገር የለም። በውኃ የተበጠበጠው ካኦሊን፣ ፌልድስፓርና ኳርትዝ እንደ ቀዘቀዘ ፎርማው ውስጥ ይፈሳል። ደረቁ ጀሶ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውኃውን ሲመጥ ከፎርማው ጋር የተጠጋው ክፍል ይጠጥራል፤ ውፍረቱ ሲበቃ ትርፉ ተገልብጦ ይወጣል፤ የቀረውም ሲደርቅ ተኰማትሮ ከፎርማው ይላቀቃል። እሳቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ «ማፍሰስ» የሚለው ተራ ግስ ይበቃል።

ሁለተኛውና የባሰው «ቀጭን ጭቃ» ነው። ጭቃ የሚቀጥነው በውኃ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ በመሆኑም ቃሉ ራሱ «ውኃ ጨምር» ብሎ ያዛል። የተጨመረው ውኃ ግን ጀሶውን ያርሰዋል፤ ዕቃውም ቶሎ አይጠጥርም፣ ሲደርቅም ከመጠን በላይ ተኰማትሮ ይሰነጠቃል። ባለሙያው ውኃውን በአብዛኛው ከጠቅላላው ክብደት ከሢሶ በታች አድርጎ፣ በጥቂት ሶዲየም ሲሊኬት እንዲፈስ ያደርገዋል፤ ይህም ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዳይያያዙ ስለሚከለክል ነው። በእኛ አስተያየት «የሸክላ ሊጥ» ይሻላል፤ ሊጥ በምጣድ ላይ እንደሚፈስ እንጀራ የጋገረች ሁሉ ታውቃለችና። የማይፈስ የዳቦ ሊጥም አለ የሚል ተቃውሞ ቢነሣ እውነትነት አለው፤ ስለሆነም ፍቺው ሶዲየም ሲሊኬቱን በግልጽ መጥቀስ ይኖርበታል።

«ጀሶ»ና «ፎርማ» ከጣልያንኛ መጥተዋል ተብለው በግእዝ ጥምር ቃላት መተካታቸውም አላሳመነንም። ግንበኛው በየዕለቱ የሚጠራቸው ቃላት ናቸው። ደግሞስ መነሻው ያው ጣልያንኛ የሆነው «ፖርሴሊን» ለምን ሳይነካ ቀረ?

ስለ «ሲኒ» አንድ ነገር እንጨምር። ቃሉ በዐረብኛ «የቻይና» ከሚለው የመጣ ሲሆን፣ የዕቃውን አገር በስሙ ይዞ በየቤታችን ረከቦት ላይ ተቀምጧል። በረቂቁ ውስጥ አለመግባቱ አስገርሞናል፤ ከ«ፖርሴሊን» ጎን እንዲመዘገብ እንጠይቃለን።