ከመርዶ የቀደመ ፎቶግራፍ

ነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. በሻሸመኔ ከተማ፣ ለአቶ ጃዋር መሐመድ አቀባበል ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ጊዜ፣ ቦምብ ይዟል የሚል ወሬ የተነሣበት አንድ ሰው ተደብድቦ ተገደለ፤ ቁልቁልም ተሰቀለ። ወሬው ሐሰት ነበረ። በፌስቡክ የተሠራጨው ፎቶግራፍ ግን እውነተኛ ነበረ፤ እኛም የምንነቅፈው ይህንኑ እውነተኛውን ነው።

በአገራችን ልማድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ አነጋገር በሚያውቅ ሽማግሌ አፍ ነው። አስከሬንም ይሸፈናል። ስልክ ግን ሽማግሌ አይጠብቅም፤ መርዶ ነጋሪው ነጠላውን ሳያጣፋ ፎቶግራፉ አዲስ አበባንም ዋሽንግተንንም ያዳርሳል። ካስተላለፉት ሰዎች ብዙዎቹ ድርጊቱን ለመኰነን እንደ ሆነ አንጠራጠርም። ነገር ግን ሟቹን ገዳዮቹ ባዋረዱት መልክ ለዓለም ማሳየት፣ እነርሱ የጀመሩትን መፈጸም አይደለምን? (ፊቱን እንኳ የሸፈነለት ስንቱ ነው?)

አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ይከለክላል፤ መልካም ነው። ያ ፎቶግራፍ ግን ሐሰት አልነበረምና ከነውር በቀር የሚከለክለው አልነበረም። አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት ከአንተም ስልክ ውስጥ ገና አልተፋቀ ይሆናል።