ስለ አንዲት ትንሽ ባቡር አነዳድ አጭር ሂስ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው በቅርቡ በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ አዳራሽ ለተማሪዎች የታየውን የባቡር አምሳያ ነው። ነገሩ እንደ መጫወቻ ተቈጥሮ የሚታለፍ አይደለም። ከተመልካቾቹ አብዛኞቹ እውነተኛውን ባቡር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ስለ ሆኑ፣ አምሳያው ለእነርሱ መምህር ነበረ። መምህር ሲሳሳት ደግሞ ስሕተቱ በደቀ መዝሙሩ ላይ ይቀራል።

ባቡርና ሰሜን ሸዋ ጨርሶ የማይተዋወቁ አይደሉም። የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1879 ዓ.ም. (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ወደ ንጉሥ ምኒልክ የመጣው ያን ጊዜ መቀመጫቸው ወደ ነበረችው ወደ አንኮበር ነው። የሐዲዱን መንገድ ለማሠራት በ1894 ፈቃድ ያገኘውም ይኸው ሰው ነበረ። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ሆኖም ሐዲዱ አንኮበርን ትቶ በአዋሽ በኩል ስላለፈ፣ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ነጋዴ ያርፍበት የነበረው የአልዩ አምባ ገበያ የቀድሞ ስፍራውን አጣ። ስለዚህ በዚህ አገር ባቡር ይበልጥ የሚታወቀው በወሬ ነው።

የታየችው ሎኮሞቲቭ በእንፋሎት የምትሄደው ዓይነት አምሳያ ስትሆን፣ ከእውነተኛይቱ 87 ጊዜ ያነሰች ናት። በውስጧ ዲኮደር የሚባል የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አለ። ይኸውም የነጂውን ትእዛዝ በሐዲዱ በኩል ተቀብሎ ሞተሩን፣ መብራቱንና ድምፁን ያዛል፤ ለመነሣትና ለመቆም የሚፈጀውንም ጊዜ ለማርዘም ያስችላል። ሁለት ሲሊንደር ያላት ሎኮሞቲቭ መንኰራኵሯ አንድ ጊዜ ሲዞር አራት ጊዜ ትተነፍሳለች፤ በዝግታ ስትሄድ ቈጥረን ይህ ሥርዓት የተጠበቀ መሆኑን አይተናል። በዚህ በኩል ሠሪዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል።

ሂሳችን አነዳዱን የሚመለከት ነው። ነጂው ሎኮሞቲቧን ባዶዋን ሲነዳና ስምንት ፉርጎ ሲያስጐትት፣ ዳገት ሲያወጣትና ቍልቍለት ሲያወርዳት ድምፁ አንድ ነበረ። እውነተኛይቱ ግን ዳገት ላይ እንፋሎት በብዛት ስለሚገባላት ትንፋሿ ከባድ ይሆናል፤ ቍልቍለት ላይ እንፋሎቱ ስለሚቀነስ ትንፋሿ ይጠፋና የመንኰራኵሩና የፍሬኑ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ደግሞም የመነሻው ጊዜ ስላልተራዘመ ያ ሁሉ ፉርጎ እንደ ፌንጣ ተፈናጥሮ ተነሣ። ፉጨቱም ያለ ምክንያት ተደጋገመ፤ ፉጨት ግን ማስጠንቀቂያ እንጂ ጌጥ አይደለም።

ምናልባት ባቡር ያላየ ተመልካች ይህን ልዩነት ከየት ያውቀዋል የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ በዚህ አንስማማም። የደብረ ብርሃን ሰው የጫነ መኪና በጣርማ በር ዳገት በከባድ ማርሽ ሲያጓራ እየሰማ ያደገ ነው። ወፍጮ ቤት ተራ የጠበቀ ሁሉ፣ ወፍጮው እህል ሲበላና ባዶውን ሲዞር ድምፁን ለይቶ ያውቃል፤ አባቶቻችንም የእህል መፍጫውን ሞተር ባቡር ይሉት እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። እንግዲህ የተመልካቹ ጆሮ የሠለጠነ ነበረ፤ የጐደለው ጆሮውን ያከበረ ነጂ ነው።

በጅቡቲው መስመር የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ከ1950ዎቹ ጀምሮ በናፍጣ ሞተር ተተክተዋል፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ ሐዲድም የተሠራው ለኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ያ ትንፋሽ በዚያ መንገድ ስለማይሰማ፣ ለወጣቱ የሚያሰማው አምሳያው ብቻ ሊሆን ይችላል። አምሳያው ከዋሸ የሚያርመው የለም ማለት ነው።

ስለዚህ ለወደፊቱ ነጂው ከማሳየቱ በፊት የመነሻውንና የመቆሚያውን ጊዜ እንዲያራዝም፣ ድምፁን እንደ ጭነቱና እንደ መንገዱ እንዲለዋውጥ፣ ፉጨቱንም እንዲቈጥብ እናሳስባለን። መሣሪያው ይህን ሁሉ ማድረግ ይችላል፤ የሚቀረው የነጂው ትዕግሥት ነው።