ኬ-570ኤ፦ ሠሪው የተወራለት፣ ሥራው ያልተመዘነለት አውሮፕላን

አስመላሽ ዘፈሩ በ2007 ዓ.ም. ስሙ በአገር ውስጥም በውጭም ሲነሳ ሁሉም ያወራው ያንኑ ታሪክ ነበር። አብራሪ ሊሆን አመልክቶ አንድ ሴንቲ ሜትር ቁመት አንሶት መመለሱ፣ የጤና ባለሙያ መሆኑ፣ ከመጽሐፍና ከዩቲዩብ ተምሮ በገዛ እጁ አውሮፕላን መሥራቱ ተደጋግሞ ተነገረ። ባለ ሁለት መቀመጫውን አውሮፕላን ኬ-570ኤ ብሎታል፤ ኬው ለእናቱ ለኪሮስ ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ ሥራው የፈጀው ቀን። ታሪኩ ልብ ይነካል። ግን አንድ ሰው አውሮፕላን ሠራሁ ሲል ሊደረግለት የሚገባው ትልቁ ክብር አውሮፕላኑን መመርመር ነው። ሲያጨበጭቡለት እንጂ ሲመረምሩለት አላየሁም።

ከሞተሩ እንጀምር። የተገጠመለት ያገለገለ የቮልስ መኪና ሞተር ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ 40 የፈረስ ጉልበት። «የመኪና ሞተር በአየር ላይ!» ብሎ የሳቀ ሰው ካለ ተሳስቷል። ይህ ሞተር በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርም ውኃም አይሸከምም፤ ፕሮፔለሩንም ያለ ማርሽ ሳጥን በቀጥታ ያዞራል። በአውሮፓና በአሜሪካ አማተሮች ለአሥርት ዓመታት ሲያበሩት ኖረዋል። ምርጫው የተማረ ሰው ምርጫ ነው።

ፕሮፔለሩን ከእንጨት የቀረጸው ራሱ ነው። ለእኔ ከሥራው ሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው። ፕሮፔለር ሁለት መቅዘፊያ በመሃል ተያይዞ የሚሠራ ቢመስልም፣ ምላጩ ከመሃሉ አጠገብ ዘመም ብሎ ይጀምርና ወደ ጫፉ ሲሄድ እየጠፋ የሚሄድ ጥምዝ አለው፤ ጫፉ ከመሃሉ በብዙ እጥፍ ስለሚፈጥን አየሩን በትንሽ ማዕዘን መቁረጥ ይበቃዋል። አንዱ ምላጭ ከሌላው ጥቂት ግራም ቢከብድ ሞተሩ የተሰቀለበትን ፍሬም እስኪሰነጠቅ ያንቀጠቅጠዋል። ይህን በእጁ የሞከረ ሰው ድፍረት ብቻ አልነበረውም፤ ትዕግሥትም ነበረው።

ድክመቱ ያለው የጉልበቱ ቁጥር ላይ ነው። ያለ ተጨማሪ ግፊት ከአካባቢው አየር እየሳበ የሚሠራ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ ሦስት በመቶ ያህል ያጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንግዲህ ወረቀት ላይ 40 የሆነው ሞተር እዚያ ሲደርስ 31 አካባቢ ይሆናል። ክንፉም በሳሳ አየር ውስጥ ለመነሳት የበለጠ መሮጥ አለበት። ሁለት መቀመጫ ላለው አካል ይህ ጉልበት በጣም ጠባብ ነው። የእኛ አገር ሾፌሮች ይህን ሳይማሩ ያውቁታል፤ ከወልድያ ተነስቶ የድልብን ዳገት የሚወጣ ጭነት መኪና ዳገቱ ብቻ አይደለም የሚያስቃስተው፣ የሚተነፍሰው አየርም እያነሰበት ነው። እዚህ እኔ ባለሁበት መርሳ ከተማ፣ ከፍታው 1600 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያው ሞተር 33 ወይም 34 ይደርስ ነበር። ማንም መርሳን ለሙከራ በረራ አላሰባትም እንጂ!

ከኬ-570ኤ ሰማንያ ዓመት ገደማ ቀድሞ በአገራችን የተሠራው ሌላ አውሮፕላን ንጽጽሩን ያጠነክረዋል። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር፣ የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ፣ በ1928 ዓ.ም. በልዕልት ፀሐይ የተሰየመችውን «ፀሐይ»ን አዲስ አበባ ላይ ሲሠራት የተጠቀመው 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነበር። ጊዜው ኅዳር 26 ቀን ደሴ በጣሊያን ቦምብ የነደደችበት ሰሞን ነው። ፀሐይ ተማርካ ጣሊያን ሄደች፣ በአየር ኃይሉ ሙዚየም ቆመች፣ ጥር 2016 ተመለሰች። ቬበርን ከሞተሩም በላይ የጠቀመው ሁለት ነገር ነው፤ አገሩን ከአየር ላይ ስለሚያውቅ የአየሩን መሳሳት በራሱ በረራ አይቶታል፣ ንድፉንም ከባዶ አልጀመረም፤ ቀድሞ ከነበረ ንድፍ ተነሳ።

ኬ-570ኤን የምወቅሰው በዚህ፣ ከተፈተነ ንድፍ ባለመነሳቱ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በቤታቸው አውሮፕላን ከሚሠሩ ሰዎች አብዛኞቹ ኪት፣ ማለትም ለመገጣጠም የተዘጋጀ የአካል ክፍሎች ስብስብ፣ ይገዛሉ፤ ለምሳሌ የኦሪገኑ ቫንስ ኤርክራፍት አር-ቪ የሚባሉትን ይሸጣል። የአሉሚኒየም ቆርቆሮው ተበስቶ ይመጣል፣ ሠሪው ጋራዡ ውስጥ ለዓመታት ሪቬቱን ይመታል፣ ሲጨርስ፣ እንደ ሞዴሉ፣ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ሊበር የሚችል ነገር በእጁ አለ። ማንም «የራስህ ሥራ አይደለም» አይለውም። የአሜሪካ ሕግ የሚጠይቀው ከግማሽ በላይ የሆነውን ሥራ አማተሩ መሥራቱን ነው፤ ሞተር፣ ፕሮፔለርና ጎማ ከውጭ ቢገዛ አይከለክልም። ስለዚህ «ሞተሩ የጀርመን ነውና ምኑ የኢትዮጵያ ነው» የሚለው ነቀፌታ ውኃ አያነሳም። አስመላሽ ፕሮፔለሩን ሳይቀር ቀርጿል፤ በዚህ ልክ ከብዙ የኪት ሠሪዎች ይበልጣል። በተፈተነ ንድፍ ላይ ቢነሳ ግን ከክብሩ ምንም አይጎድልበትም ነበር፤ የብዙዎቹን የስሌት ስሕተቶች ዋጋ ሌሎች ቀድመው ከፍለዋልና።

ሁለተኛው ጉድለት፣ መርማሪ አለማግኘቱ፣ የእሱ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የአማተር አውሮፕላን ሠሪዎች ማኅበር ልምድ ያለው ሰው ልኮ ቆርቆሮው ከመዘጋቱ በፊት ብየዳውንና ሪቬቱን ያስመረምራል። ከዚያም መንግሥት መርምሮ ፈቃድ ከሰጠ በኋላ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ 40 ሰዓት ያህል፣ ተሳፋሪ ሳይጭን፣ ከሰው መኖሪያ ርቆ ይፈትነዋል። አስመላሽ ግን እንዲህ ያለ ማኅበር አልነበረውም። በ2007ቱ የመጀመሪያ ሙከራ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ቀረ፤ እስከማውቀው ድረስ ውጤቱን የመዘገበው ካሜራ እንጂ የሙከራ መዝገብ አልነበረም። ለሚቀጥለው ሠሪ ከጭብጨባው ይልቅ ያ መዝገብ በበለጠ ይጠቅመው ነበር።