ሰነቲ «የሰማይ ደሴት» ስለ መባሉ

የባሌን ደጋ ለዕረፍት ጐብኝተው የሚመለሱ መንገደኞች ሰነቲን «የሰማይ ደሴት» ብለው መጻፍን ወደዋል። ምሳሌው በአንድ ወገን እውነተኛ ነው። ከጎባ ተነሥቶ የወጣ ሰው ከባሕር ጠለል 4000 ሜትር ያህል ከፍ ካለ፥ ጅብራ ከቆመበት ሜዳ ይደርሳል፤ በዙሪያው ያለውም ቆላ ለደጋው አውሬ እንደ ባሕር ነው። ቀይ ቀበሮ ብርዱን ለቆ አይሻገረውም፤ የሚታደነው ትልቁ ፍልፈልም ከባሌ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። ስለዚህ የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት በምሳሌው ቢጠቀሙ አይነቀፉም።

የሚነቀፈው፥ የባሕር ደሴት ያለውን ሁሉ ሳይመርጥ ወደ ተራራ የሚያወጣ ጸሐፊ ነው። ደሴት ካለ የመርከበኞች የመብራት ማማ ያሻዋልና፥ በቱሉ ዲምቱ ራስ፥ በ4377 ሜትር ላይ የቆመው የስልክ ማማ ይህን ይተካለታል። ይህስ በጉም ቀን ላየው ሰው ያስቃል እንጂ አያስቈጣም። የከፋው ግን ደሴቱን ሰው አልባ ማድረጉ ነው።

የባሕር ደሴት ውሻን ይከለክላል፤ ሰነቲ አይከለክልም። የባሌ ከብት አርቢ «ጎደንቱ» በሚለው ልማድ ከብቱን እንደ ወራቱ ይነዳል፤ ውሻውም ይከተለዋል። ከ1995 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ እስከ 1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ በወይብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ፈጀ፤ ያመጣውም የቤት ውሻ ነው። በዓለም የቀሩት ጐልማሶች 500 እንኳ አይሞሉም፤ ከእነርሱም የሚበዙት በባሌ ይኖራሉ። ምሳሌው የሚከዳው እንግዲህ ነገሩ እጅግ በከበደበት ስፍራ ነው።

ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ ሃረናን ያቋርጣል። መንገደኛው ግን ደኑን የደሴቱ ዳርቻ አድርጎ በሁለት ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል። በላይ አስታው፥ ዝቅ ብሎ የባሌ ጦጣ የሚመገበው ቀርከሃ፥ ከዚያም በታች በዛፍ ጥላ ሥር በራሱ የሚበቅለው ቡና አለ። ሰዎች ቡናውን ይለቅማሉ፤ ቀፎ በዛፍ ሰቅለውም ማር ይቈርጣሉ። «የሰው እጅ ያልነካው» የሚለው ብዕር ይህን ሁሉ ሳያይ ወርዷል።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በክልሉ ውስጥ ግን ዛሬም ሰው ይኖራል፥ ከብትም ይሰማራል። ቀበሮውን የሚጠብቁትን ሠራተኞች የተከተለ ጸሐፊ ወደ እረኛው ጎጆ ይደርስ ነበር፤ ከሥራቸው አንዱ የእረኛውን ውሻ መከተብ ነውና።