ከሊሙ እስከ እምኩሉ

ስለ ኦሮምኛ ሥነ ጽሑፍ በተነገረ ቍጥር፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1899 የታተመው የኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስ አስቀድሞ ይነሣል፤ የሚገባውም ነው። ከዚያ 5 ዓመት ቀድሞ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የታተመው የንባብ መጽሐፍ ግን የፊደል መማሪያ ብቻ እየተባለ ይታለፋል። ይህን ፍርድ አንቀበለውም።

መጽሐፉ 79 አጫጭር ታሪኮች ይዟል። ብዙዎቹን ከትዝታቸው የጻፉት የኦነሲሞስ የሥራ ባልደረባ አስቴር ጋኖ ናቸው። አስቴር በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት ወድቀው፣ ተሸጠውም ባሕር ሲሻገሩ በ1886 ከመርከብ ላይ ነጻ የወጡ ናቸው። አገርና ዘመድ ተነጥቀዋል፤ ቋንቋቸውን ግን የሚነጥቃቸው አልተገኘም። 500 ያህል ዘፈን፣ ተረትና ታሪክ መሰብሰባቸው የፊደል አስተማሪ ብቻ ሳይሆኑ የቃል ሥነ ጽሑፍ ጠባቂ እንደ ነበሩ ያስረዳል።

ጕድለት የለበትም አንልም። በምድጃ ዙሪያ የሚነገር ተረት ድምፅና ተቀባይ አለው፤ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ሁለቱም ይቀሩበታል። ቢሆንም ባይጻፍ ኖሮ ቃሉም አብሮ በጠፋ ነበር።

መጽሐፉ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ በይፋ የሚጻፈው በቁቤ ስለ ሆነ፣ ዛሬ በሊሙ ገነት የሚማር ልጅ የአያቶቹን ቋንቋ በዚያ መልክ ለማንበብ ይቸገራል። ስለዚህ ሁለቱን ፊደላት ጐን ለጐን አድርጎ ለየትምህርት ቤቱ ማዳረስ ይገባል እንላለን። የሊሙ ቡና በዓለም ገበያ በአገሩ ስም ይጠራል፤ ተረቱም በሰብሳቢዋ ስም ይጠራ።