ስለሚለዋወጡ አስታማሚዎች

ወጣት አንባቢዎች ሆይ፤ አንድ አገር ሽማግሎቹን እንዴት እንደሚይዝ ለማወቅ የፈለገ ሰው የሕንፃውን ቁመትና የወለሉን ጥራት አይመልከት። ሽማግሌውን የሚያጥበው፥ የሚያጐርሰውና የሚያገላብጠው ማን እንደ ሆነ፥ በሥራውም ላይ ምን ያህል ጊዜ እንደ ቆየ ይጠይቅ። በዚህ ጽሑፍ ልነቅፈው የተነሣሁት፥ አስታማሚን እንደ ዕቃ እየለዋወጡ በደኅና ማስታመም ይቻላል የሚለውን አሳብ ነው።

ለምሳሌ የአሜሪካን አገር እንውሰድ፤ በዚያ ነገሩ በቍጥር ተመዝግቦ ይገኛልና። ደግሞም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ካሉት ወገኖቻችን አያሌዎቹ እንጀራቸውን የሚያገኙት በዚሁ ሥራ ነው። በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሐኪም አልፎ አልፎ ይጐበኛል፤ ነርስ መድኀኒት ታድላለች፤ ማጠቡን፥ ማልበሱን፥ ማብላቱንና ወደ መጸዳጃ መውሰዱን የሚፈጽመው ግን የነርስ ረዳት የሚባለው ሠራተኛ ነው። በ1987 ዓ. ም. የወጣው የአገሩ ሕግ (ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ለዚህ ሠራተኛ የሚጠይቀው ሥልጠና ቢያንስ 75 ሰዓት ነው። ይህም ሁለት የሥራ ሳምንት እንኳ አይሞላም።

በ2021 ዓ. ም. ሦስት ተመራማሪዎች መጦሪያ ቤቶች ለመንግሥት ያቀረቡትን የ2017 እና የ2018 የደመወዝ መዝገብ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። የነርሶችና የረዳቶች መለዋወጥ በዓመት በአማካይ 128 ከመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ቤቶቹ በተርታ ቢደረደሩ በመካከል ያለው ቤት 94 ከመቶ ነበረ። ይህ ማለት ሁሉም ሄዱ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ለዓመታት ይቈያል፤ በሌላው ቦታ ላይ ግን በአንድ ዓመት ሦስት አራት ሰው ይፈራረቅበታል። በመንግሥት ምዘና ብዙ ኮከብ ባገኙት ቤቶች መለዋወጡ ያነሰ ሆኖ ታይቷል።

እኔ ዕድሜዬን በአስተማሪነት የፈጸምሁ ሰው ስለ ሆንሁ፥ ጕዳቱን በክፍል ምሳሌ አስረዳለሁ። በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ አስተማሪ የተለወጠበትን ክፍል አይቻለሁ። ፈጣኑ ተማሪ በመጽሐፉ ተደግፎ ያልፋል። የሚጐዳው ያልገባውን ለመናገር የሚያፍረው ልጅ ነው፤ ዝምታው ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅለት የለምና። መናገር ያቃተው ሽማግሌም እንደዚሁ ነው። ቍርሱን ሁልጊዜ ይጨርስ የነበረ ሰው ዛሬ ሁለት ጊዜ ቀምሶ ፊቱን ቢያዞር፥ የለመደችው ረዳት «ይህ ሰው ታሟል» ብላ ነርሷን ትጠራለች። ትናንት የተቀጠረችው ግን «አልበላም» ብላ ጽፋ ሳሕኑን ታነሣለች። አእምሮው የደከመ ሽማግሌም የማያውቀው እጅ ልብሱን ሊያወልቅ ሲመጣ ይደነግጣል፥ ይታገላል። ከዚህ በኋላ ተናዳፊ ተብሎ በማደንዘዣነት የአእምሮ ሕመም መድኀኒት የሚሰጠው ጊዜ አለ፤ ይህ መድኀኒት ግን እንዲህ ባሉት አረጋውያን ላይ ሞትን እንደሚያበዛ የአሜሪካ የመድኀኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2005 ዓ. ም. አስጠንቅቋል።

አንድ ሰው «ሁሉ ነገር በደንብ ቢጻፍ ኖሮ የሰው መለዋወጥ ባልጐዳ» ይለኝ ይሆናል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 ዓ. ም. ባሳተመችው የአስታማሚነት መጽሐፍ፥ ጥሩ አስታማሚ እርሷ በሌለችበትም ጊዜ ሥራው እንዲሠራ አስቀድማ ታሰናዳለች ብላ አስተምራለች። ይህ እውነት ነው፤ መዝገብም ያስፈልጋል። ዳሩ ግን በመዝገብ የሚሰፍረው የታወቀው ነገር ነው፤ ሳይኖሩበት የሚያውቁት ሰው የለም። ከሄደችው ለመጣችው የሚተላለፈው ዕውቀት እንዲኖር አስቀድሞ የቈየች ሴት መኖር አለባት።

ሌላው ደግሞ «መለዋወጡ የመጥፎ አስተዳደር ምልክት እንጂ ራሱ ምክንያት አይደለም» ይላል። እኔ ሁለቱም ነው እላለሁ። ደመወዙ ዝቅተኛ፥ ሥራውም ወገብ የሚሰብር ነው። አንዷ ስትሄድ የቀረችው የእርሷን ድርሻ ጨምራ ትሸከማለች፤ ደክሟትም እርሷ ደግሞ ትሄዳለች። እንዲህ እየሆነ መሄድ መሄድን ይወልዳል።

የቤቶቹ ባለቤቶች፥ ከነዋሪዎቹ የሚበዙትን ወጪ የሚሸፍነው ሜዲኬይድ የሚባለው የመንግሥት ድጋፍ አይበቃንም ብለው ያመለክታሉ። ይህ ከንቱ ሰበብ ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን ዘወትር መቅጠርና ማሠልጠንስ ያለ ገንዘብ ይሆናልን? መንግሥት ከጥር 2022 ጀምሮ የእያንዳንዱን ቤት የሠራተኛ መለዋወጥ ለሕዝብ ማስታወቁ የሚመሰገን ነው። በ2024 ዓ. ም. ደግሞ ለአንድ ነዋሪ በቀን 3.48 ሰዓት እንክብካቤ፥ ከዚህም 2.45ቱ በረዳቶች እንዲሰጥ ደነገገ። በሚያዝያ 2025 በቴክሳስ ያለ ፍርድ ቤት ድንጋጌውን አፈረሰው። ድንጋጌው ቢጸናም ኖሮ ሰዓትን ይቈጥር ነበር እንጂ ያ ሰዓት በአንድ ሰው እጅ ይሁን ወይም በሰባት ሰው አይጠይቅም ነበር።

ይህን አንብባችሁ «የፈረንጅ ልጅ ወላጁን ይጥላል» ብላችሁ አትታበዩ። በከተሞቻችን ልጆቿ ሁሉ ውጭ አገር የሆኑባት እናት ጥቂት አይደለችም። ገንዘቡ በየወሩ ይላካል፤ የምታስታምማት ልጅ ግን በትንሽ ደመወዝ፥ ያለ ዕረፍት ቀን፥ ሌሊት እየተነሣች ሠርታ ሲሰለቻት ትሄዳለች፤ ሌላዪቱ ትተካለች። ልጆቹም በስልክ «ሠራተኛ አይበረክትልንም» ይላሉ። እንድትበረክት ምን አደረጋችሁላት? መጦሪያ ቤቱን የሚነቅፍ ሰው አስቀድሞ የራሱን ጓዳ ይመርምር።

ለሰው መድኀኒቱ ሰው ነው እንላለን፤ የሚለምደውና የሚያውቀው ሰው ማለታችን ነው። ስለዚህ ለወላጆቻችሁ መጦሪያ ቤት የምትመርጡ ብትሆኑ፥ ረዳቶቹን ለብቻቸው አግኝታችሁ «እዚህ ስንት ዓመት ሆናችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። በቤታችሁ የምታስቀጥሩ ብትሆኑ፥ ለአስታማሚዋ የዕረፍት ቀን ስጧት፥ ደመወዟን በጊዜው ክፈሉ፥ በስሟም ጥሯት። እናንተው ራሳችሁ ይህን ሥራ የያዛችሁ እንደ ሆነ፥ ልትለቁ ስትነሡ የምታውቁትን ሁሉ ለሚተካችሁ ሰው ቁጭ ብላችሁ ንገሩ፤ ያ ሽማግሌ ራሱ ሊነግረው አይችልምና።