የማታው አንባቢና «ፍቅር እስከ መቃብር»

ስለ ትርፍ ጊዜ አጠቃቀም በተነገረ ቁጥር የሚቀርብ አንድ የታወቀ ስሌት አለ። ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ሰዓት ከ39 አይበልጥም፤ በቀን ስምንት ሰዓት ብንተኛ 56 ይሆናል፤ እንግዲህ የቀረው 73 ሰዓት የት ገባ? ይባላል። እኛም ይህንኑ ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርተን ለዕጩ መምህራን አሳይተናል። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ለምን እንደ ሳቁ ያን ጊዜ አልጠየቅንም። በኋላ ስናስበው ግን ስሌቱ ውኃ መቅዳትን፣ ልብስ ማጠብን፣ ታክሲ ተሰልፎ መጠበቅን፣ ለቅሶ መድረስን ከቁጥር አያስገባም። መምህሩ በፌስታል ይዞት ወደ ቤቱ የሚሄደውን የፈተና ወረቀትም አያውቅም።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ግን አንድ መጽሐፍ ነው። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ላይ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አንብበው አስተያየታቸውን እንዲጽፉ ለዕጩ መምህራኑ ሰጥተን ነበር። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመና ከ500 ገጽ በላይ ያለው ነው። ከቀረቡልን ጽሑፎች አንዱን ስናርም አንድ ነገር አጠራጠረን። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ምዕራፍና ገጽ የሚባል ነገር ግን የለበትም። ጸሐፊዋን ጠርተን ጠየቅናት።

«መምህር፣ አላነበብኩትም፤ ሰምቼዋለሁ» አለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ስታጥብ፣ ማታም መኝታ ክፍሉ መብራት ካጠፋ በኋላ፣ ውጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ከስልኳ ነበር የሰማችው። እኛም የታዘዘው ማንበብ ነው ብለን ማርኩን በግማሽ ቀነስነው። ይህን ማርክ ዛሬ መልሰንላታል።

እስቲ የጻፈችውን እንመልከት። ሰብለ ወንጌል የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ናት። ለጋብቻ የሚጠይቋት ሁሉ በዘር አይመጥኑም እየተባሉ ይመለሳሉ፤ እሷም ዕድሜዋ ይገፋል። የምትሠራው ሥራ የላትም፤ የምታዝበት ጊዜም የላትም። ዕጩ መምህርቷ እንዳለችው፣ በዚያ ትልቅ ቤት ውስጥ ሥራ የበዛበት አገልጋዩ ነው፤ ጊዜ የተረፋቸው ደግሞ ፊታውራሪው ናቸው፤ እሳቸውም ትርፍ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት ክብሬ ተነካ እያሉ በመጣላት ነው። ሰብለ የእኔ የምትለው ሰዓት ያገኘችው በዛብህ ሊያስተምራት ወደ ቤቱ በመጣ ጊዜ ነው። ፍቅሩም የበቀለው ከዚያ ሰዓት ውስጥ ነው።

እኛ መጽሐፉን ደጋግመን አንብበነዋል። የትምህርቱን ሰዓት ግን ሁለቱን ወጣቶች ለማገናኘት ደራሲው የፈጠሩት ዘዴ ነው ብለን አልፈነው ነበር። የዘር ኩራት፣ የባላባት ሥርዐት፣ የስለት ጉዳይ እያልን በሰሌዳ ላይ እንደረድራለን፤ ተማሪውም ደርድሮ ይመልስልናል። ጊዜው የማን ነው የሚለውን ጥያቄ ያነሣችልን እጇ ሳሙና ውስጥ ሆኖ የሰማች ልጅ ናት። ጥያቄው አንዴ ከተነሣ ወዲያ በሌላውም ቦታ ይታያል። የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች ከልማዱ በላይ ሲጠየቁ ያምፃሉ። የሚጠየቁት ነገር እኮ እህልም ይሁን ከብት የተገኘው ከገበሬው ቀን ነው። በዛብህም ቢሆን ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ልጅ በመሆኑ ዕድሜው አስቀድሞ ተሰጥቶበታል። እንዲህ ስናየው መጽሐፉ ስለ ፍቅር ብቻ ሳይሆን፣ በገዛ ቀናቸው ላይ ማዘዝ ስላልቻሉ ሰዎች የተጻፈ ሆኖ አገኘነው።

ይህን ስንል ግን መስማት ማንበብን ይተካል ማለታችን አይደለም። ውጋየሁ የመድረክ ተዋናይ ነበርና ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ድምፅ ይሰጠዋል። ሰዎቹ እርስ በርስ በሚነጋገሩበት ቦታ ትረካው ከመጽሐፉ ይበልጣል ብንል ድፍረት አይመስለንም። የተጻፈው ቃል በወረቀት ላይ ተኝቶ ሳለ እሱ ያስነሣዋል። ነገር ግን ድምፅ አይጠብቅም፤ አንባቢ ገጹን አጥፎ ሊያስብ ይችላል፤ ሰሚ ግን እያሰበ ሳለ ታሪኩ ጥሎት ይሄዳል። ከዚህም ሌላ ተራኪው ስለ እኛ ይፈርዳል። ፊታውራሪ መሸሻ ሲፎክሩ ሊያስቁን ይገባል ወይስ ሊያስቆጡን? ይህን አንባቢው ራሱ መወሰን ሲገባው፣ የተራኪው ድምፅ ቀድሞ ይወስንለታል።

ዋናው ጉዳት የሚታየው በጉዱ ካሣ ላይ ነው። ጉዱ ካሣ ስለ አገሩ ልማድና ሥርዐት ረጅም ንግግር ያደርጋል። ደራሲው ታሪኩን አቁመው ሐሳባቸውን የሚያስናግሩበት ቦታ ነው፤ በዚህም የተቿቸው አሉ፤ እኛም ርዝመቱ አልፎ አልፎ ታሪኩን እንደሚከብደው እናምናለን። ቢሆንም እነዚያ ገጾች ቆም ተብለው፣ ወደ ኋላ ተመልሰው፣ በእርሳስ እየተሰመረባቸው የሚነበቡ ናቸው። ዕጩ መምህርቷን እዚህ ላይ ምን እንደምትል ጠየቅናት።

«እዚያ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ መምህር» አለች፤ ሳቀችም። እኛም ሳቅን።

ድሮ ትረካው በሬዲዮ ሲተላለፍ ቤተሰብ አንድ ላይ ተሰብስቦ ይሰማ እንደ ነበር ወላጆቻችን ነግረውናል። አንዱ እንቅልፍ ቢወስደው ሌላው ይነግረዋል፤ በነገሩም ይከራከሩበታል። ዛሬ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ያደረገች ልጅ ያመለጣትን የሚነግራት የለም።

አንድ ነገር ጨምረን ማንሣት እንወዳለን። የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ በአብዛኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ የተጻፈ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ኑሯቸውን በመንግሥት ሥራና በዲፕሎማትነት የመሩ ሰው ነበሩ፤ ደመወዝ የሚከፈላቸው ልብ ወለድ ስለ ጻፉ አልነበረም። በዓሉ ግርማም ጋዜጠኛና የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ሆኖ ነው የጻፈው። ታዲያ በማታ የተጻፈውን መጽሐፍ በማታ የሚያነበው ማን ነው? መምህሩ ነው እንዳንል መምህሩ ማታ የሰው ልጆች ቤት እየዞረ ያስጠናል፤ ደመወዙ ከወር ወር ስለማያደርሰው። የማያስጠናው ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ዳማ ይጫወታል ወይም ስልኩን ይነካካል። እኛም ባለፈው ክረምት ከጀመርናቸው ሦስት መጻሕፍት የጨረስነው አንዱን ነው።

ማርኩን ከመለስንላት በኋላ ጉዱ ካሣን በመጽሐፉ ላይ እንድታነብ ወደ ቤተ መጻሕፍት ላክናት። ሄዳ ተመለሰች። ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው ጠዋት በ2፡30፣ የሚዘጋው ማታ በ11፡30 ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ እሷ ክፍል ውስጥ ናት። ቅዳሜ ዝግ ነው። ለብዙ ዓመታት ዕጩ መምህራን አያነቡም እያልን ስንወቅስ፣ የመጻሕፍቱ በር የሚዘጋው የእነሱ ጊዜ በሚጀምርበት ደቂቃ መሆኑን አላስተዋልንም ነበር። በሳምንት ሁለት ማታ እንዲከፈት በጽሑፍ ጠየቅን። ለሠራተኛው የትርፍ ሰዓት ክፍያ የተያዘ በጀት የለም የሚል መልስ ተሰጠን።

ለጊዜው የራሳችንን ቅጂ ዓርብ ማታ እየሰጠን ሰኞ ጠዋት እንቀበላለን። መጽሐፉ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ተይዟል። ተራ የሚጠብቁት ስማቸውን በደብተር ይጽፋሉ፤ እሷ አራተኛ ናት።